ከሚስማር እስከ ማረሻ፦ የአርሶ አደሩ ባለውለታ የሆኑት የቤተሰብ ሱቆች

በሆሳዕና፣ በዱራሜ፣ በሾኔና በዶዮገና ከተሞች ገበያ የወጣ አርሶ አደር ወደ ቤቱ ከመመለሱ በፊት ጎራ የሚልበት ቤት አይጠፋም። በሩ ላይ ዶማና አካፋ የተሰቀለበት፣ ደጁ ላይ ጥቅል ሽቦ የተደረደረበት፣ ውስጡ በሚስማር ካርቶንና በቆርቆሮ የተሞላ የብረታ ብረት ሱቅ ነው። ከእነዚህ ሱቆች ብዙዎቹ የቤተሰብ ናቸው። አባት ሚዛኑን ሲይዝ እናት ሂሳቡን ትቆጣጠራለች፤ ልጆች ደግሞ ከትምህርት ቤት መልስ ዕቃ ያወርዳሉ።

የግብርና ግብዓት ሲባል ቀድሞ የሚነሳው ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ነው። እነዚህ በዩኒየኖችና በመሠረታዊ ኅብረት ሥራ ማኅበራት በኩል ለአርሶ አደሩ ይደርሳሉ። ዶማው፣ ማጭዱ፣ ማረሻውና ቢላው ግን በአብዛኛው የሚገኙት ከገበያና ከእነዚህ ሱቆች ነው። በሐዲያና በከምባታ ሕዝቡ ጥቅጥቅ ብሎ የሰፈረ በመሆኑ ከግማሽ ሄክታር በታች ማሳ ያለው ቤተሰብ ብዙ ነው። በጠባብ ማሳ ላይ ደግሞ አብዛኛው ሥራ በእጅ ስለሚሠራ የመሣሪያው ጥራት በቀጥታ ከምርቱ ጋር ይያያዛል።

በጥቂቱ የሚሸጥ፣ በዱቤ የሚሰጥ

የቤተሰብ ሱቅ ከትልልቅ አከፋፋዮች የሚለይበት ዋናው ነገር አሸጣጡ ነው። አከፋፋዩ በካርቶንና በጥቅል ሲሸጥ፣ የሰፈሩ ሱቅ ሩብ ኪሎ ሚስማር ይመዝናል፤ ሁለት ሜትር ሽቦ ይቆርጣል፤ ለመርጫ ፓምፕ አንዲት ጎሚኒ ፈልጎ ያወጣል። ለአንዲት ጎሚኒ ሲባል ርጭት ያቆመ ገበሬ አረምና ተባይ እንደማይጠብቁት ያውቃል።

ሁለተኛው ዱቤ ነው። በልግ ሲገባና ለመኸር ሲታረስ የአርሶ አደሩ ኪስ ባዶ፣ የሥራው ጊዜ ግን አጭር ነው። ባለሱቁ የገበሬውን ቤተሰብ ስለሚያውቅ ስሙን በደብተር ጽፎ ዕቃውን ይሰጠዋል፤ ክፍያው ድንች ወይም ስንዴ ሲሸጥ ይመጣል። ዋስትናው መተዋወቅ ነው። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የሚባለውም ለእንዲህ ያለው ጊዜ ነው።

ሦስተኛው ምክር ነው። የቆርቆሮ ጌጅ ቁጥሩ በጨመረ መጠን ቆርቆሮው እንደሚሳሳ፣ ባለ 35 ጌጅ ከባለ 28 ጌጅ የቀጠነ መሆኑን ብዙ ገዢ የሚሰማው ከባለሱቁ ነው። ሞረድ ሲሳብበት በቀላሉ የሚበላ ማረሻ ብረቱ ለስላሳ እንደሆነና ቶሎ እንደሚደንዝ፣ ዶማ ሲገዛም የዛቢያ ማስገቢያው እንዳልተሰነጠቀ ማየት እንደሚገባ የሚነግረውም እሱ ነው። ነገ ተመልሶ የሚመጣን ደንበኛ ማታለል ለባለሱቁም አያዋጣውም።

ሱቁና ቀጥቃጩ

ከመደርደሪያው ጀርባ የአገር ውስጥ ቀጥቃጮች እጅ አለ። ካረጁ መኪኖች የሚወጣ ባሌስትራ በእሳት ተግሎ፣ በመዶሻ ተመትቶ ማረሻና ቢላ ይሆናል። በአዲስ አበባ መርካቶ ምናለሽ ተራ የተጣለ ብረት ወደ አገልግሎት የሚመለሰውም በተመሳሳይ ጥበብ ነው። ቀጥቃጭ ለዘመናት በኅብረተሰቡ ዘንድ በንቀት ሲታይ ቢኖርም፣ ያለ እሱ እጅ መሬት አልታረሰም። ሥራውን ተቀብሎ ለገበያ የሚያቀርብ ሱቅ ለቀጥቃጩ ቋሚ ገበያ ነው።

ቢላው የሚያዛምተው በሽታ

የመሣሪያ ጉዳይ በእንሰት አምራች አካባቢ ከጥራትም ያልፋል። የእንሰት አጠውልግ በሽታን እ.ኤ.አ. በ1968 ተመራማሪዎቹ ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ በጥናት አሳውቀዋል። በባክቴሪያ የሚመጣው ይህ በሽታ ከሚዛመትባቸው ዋና መንገዶች አንዱ የታመመ ተክል የተቆረጠበት ቢላ ነው። ከጎረቤት የተዋሱት ቢላ ሳይጸዳ ጓሮ ሲገባ በሽታውን ይዞ ይገባል። ስለዚህ እያንዳንዱ ቤት የራሱ ቢላ ቢኖረው፣ የታመመ ተክል የነካ መሣሪያም በእሳት ቢለበለብ ወይም በበረኪና ቢታጠብ መከላከያ ነው። የእንሰቱ ፍቀት በአብዛኛው በሴቶች ትከሻ ላይ ያለ በመሆኑ ምክሩ በቅድሚያ ለእነሱ መድረስ አለበት። ቢላውን የሚሸጠው ሱቅ ይህን መልእክት አብሮ ቢያደርስ ለባለሙያው አንድ ተጨማሪ ረዳት ይሆናል።

ሱቆቹን የገጠማቸው

ብረትና ቆርቆሮ በአብዛኛው ከውጭ በሚመጣ ጥሬ ዕቃ የሚሠሩ ናቸው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ አንድ ጊዜ የሸጠውን ዕቃ በሸጠበት ዋጋ መተካት ለትንሽ ነጋዴ ከባድ ሆኗል። ዋጋ በየጊዜው ሲለዋወጥ ቀድሞ የሚጎዳው ዱቤ ነው፤ በመስከረም የተሰጠ ዕቃ በጥር ሲከፈል ገንዘቡ ያንኑ ዕቃ ላይገዛ ይችላል። በ2016 ዓ.ም. የችርቻሮና የጅምላ ንግድ ለውጭ ባለሀብቶች መከፈቱም ሌላ ውድድር ይዞ ይመጣል።

ከደቡብ አፍሪካ በሚላክ ገንዘብ ጭምር የሚሠራው ግንባታም የሱቆቹን ፊት ወደ ፌሮና ሴራሚክ ያዞራል። ትርፉ ወደዚያ ሲያጋድል ማጭድና ዶማ ወደ ጥግ ይገፋሉ።

ምን ይደረግ?

የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶች የበልግና የመኸር ዕቅዳቸውን ሲያወጡ የሚያስፈልገውን የእጅ መሣሪያ ዓይነትና መጠን ለሱቆቹ አስቀድመው ቢያሳውቁ፣ ዕቃው ከሥራው ቀድሞ ይደርሳል። በእንሰት በሽታ ላይ በሚሰጥ ሥልጠና ባለሱቆችንና ቀጥቃጮችን ማካተት ተጨማሪ በጀት የሚጠይቅ አይደለም። ዩኒየኖችም በጅምላ ገዝተው ለሱቆቹ ቢያከፋፍሉ የማጓጓዣው ወጪ ይቀንሳል። የንግድ ጽሕፈት ቤቶች ጥራት የጎደለውን መሣሪያ ሊቆጣጠሩ ይገባል።

አርሶ አደሩም ድርሻ አለው። የተበደረውን በቀጠሮው መክፈል፣ ለቀጣዩ ዓመት ለራሱም ለጎረቤቱም የዱቤውን ደብተር ክፍት ማቆየት ነው።