ሣሩ የናንተ፣ ሒሳቡም የናንተ

ሎስ አንጀለስ ኮረብታማ ሰፈር ቤት ወይም ባዶ መሬት ያላችሁ፣ ይህችን አንብቡልኝ። አንድ ደንበኛዬ ከእሳት አደጋ መሥሪያ ቤት የመጣላቸውን ማስጠንቀቂያ ማስታወቂያ መስሏቸው ጣሉት።

ከፍተኛ የእሳት ስጋት ባለበት ቀጠና፣ ከቤት ዙሪያ እስከ 200 ጫማ (61 ሜትር ገደማ) ድረስ ደረቅ ሣር ወደ 3 ኢንች መታጨድ አለበት። ብዙ ሰው የሚስተው ግን ይህን ነው፦ የሚለካው ከራሳችሁ ቤት ብቻ አይደለም። የጎረቤት ቤት ለባዶ መሬታችሁ ቅርብ ከሆነ፣ በእናንተ በኩል ያለውን የምታጸዱት እናንተው ናችሁ። «ምንም አልሠራሁበትም» ማለት አያድንም።

ካላጸዳችሁስ? ከተማው ያስጠነቅቃል፣ ተመልሶ ያያል፣ ከዚያ ሥራ ተቋራጭ ልኮ ያስመነጥርና ወጪውን ከአስተዳደር ክፍያ ጋር ይጭንባችኋል። ካልተከፈለ ከንብረት ግብሩ ጋር ይመጣል። እኔ ጭካኔ አልለውም፤ እሳት መች አጥር ያውቅና!

ሥልጣኑ ገደብ አለው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1967 እንደወሰነው፣ ድንገተኛ አደጋ ካልሆነ በቀር ባለቤቱ ሳይፈቅድ ተቆጣጣሪ ቤት ለመግባት የፍርድ ቤት ማዘዣ ያስፈልገዋል። ከመንገድ ቆሞ ሣራችሁን ለማየት ግን ማንንም አያስፈቅድም።

ፖስታውን ክፈቱት፤ ቀነ ገደቡ ውስጡ ተጽፏል።