የቪክቶሪያ ዘመን ፖስታ ቤቶች፦ ደጁ የማን ነው?

አውስትራሊያ ፖስት የሲድኒን ጠቅላይ ፖስታ ቤት በ2017 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ለሲንጋፖር ባለሀብቶች መሸጡ ሲሰማ ብርቱ ክርክር ተነሣ። ቀድሞም ሆቴል የገባበት ይህ ሕንፃ በ2019 ፉለርተን ተባለ። የሜልቦርኑ እኩያው ደግሞ በ2001 ከደረሰበት ቃጠሎ ከተጠገነ በኋላ በ2014 የኤች ኤንድ ኤም ልብስ መሸጫ ሆነ። ስለ እነዚህ ሕንፃዎች ሲወሳ የሚወደሰው ምሰሶውና ማማው ነው። እኔ ግን ከሁሉ የሚበልጠው ደጁ ነው እላለሁ፤ ቤተ መንግሥት መስሎ ለተራው ሰው የተከፈተ ሕንፃ ከቪክቶሪያ ዘመን በፊት ብርቅ ነበርና።

ይህን ያመጣው የ1840ው የአንድ ፔኒ ታሪፍ ነው። ርቀት ሳይለይ ላኪው ራሱ አንድ ፔኒ ከፍሎ መላክ ሲችል፣ የብሪታንያ የደብዳቤ ብዛት በአንድ ዓመት ውስጥ ከእጥፍ በላይ አደገ። በ1861 የቁጠባ ባንክ፣ በ1870 ቴሌግራፍ ተጨመረ። ሠራተኛውም ነጋዴውም የሚሰለፍበት ሰፊ አዳራሽ ግድ ሆነ። ልዑል አልበርት በ1861 የመሠረት ድንጋዩን ያኖረለት የኤድንብራው ፖስታ ቤት፣ ባለ ጉልላቱ የካልካታው (1868)፣ የሊድሱ (1896)፣ ሁሉም ከዚሁ የመጡ ናቸው።

የሲድኒው ግን ይለያል። አርክቴክቱ ጄምስ ባርኔት ከ1866 ጀምሮ በፒርሞንት የአሸዋ ድንጋይ ሲያስገነባው፣ በፒት ጎዳና በኩል ላሉት ቅስቶች ጣሊያናዊው ቶማሶ ሳኒ ቅርጾችን አበጀ። የቀረጸው አማልክትን ሳይሆን የዘመኑን ልብስ የለበሱ ሰዎች በፖስታው፣ በባንኩ፣ በኅትመቱና በእርሻው ሥራቸው ላይ ሳሉ ነበር። በ1883 ተቃውሞው ገነፈለ፤ አስቀያሚ ናቸው ተባለ፤ ጉዳዩን እንዲመረምር የተሰየመው ቡድንም ይነሡ አለ። ባርኔት ግን አልተበገረም፤ ቅርጾቹም ዛሬ ድረስ በቦታቸው አሉ። ለእኔ የሕንፃው ትልቁ ክብር ይህ ነው፤ ሰዉ ራሱን በመንግሥት ግድግዳ ላይ አየ።

ይህ ሁሉ ግርማ የንጉሠ ነገሥት ግዛት ትዕቢት ነው የሚሉ አሉ። እውነት አላቸው፤ በቅኝ ግዛት ከተማ የተሠራ ማማ የገዢው ምልክት ነበር። ሆኖም ትዕቢት ብቻ ቢሆን የጎዳና ሰው መልክ ባልተቀረጸ ነበር። ሌላው ተቃውሞ ይከብዳል፦ ባለሀብት ባይገባበት ሕንፃው ይፈርሳል። ሮበርት ስመርክ የነደፈው የለንደኑ ጠቅላይ ፖስታ ቤት በ1912 መፍረሱ ምስክር ነው። ስለዚህ ሆቴል መሆኑን አልቃወምም። የምቃወመው ድንጋዩን ጠብቆ አዳራሹን ለሆቴሉ እንግዳ ብቻ ማድረግን ነው። የቅርስ ጥበቃ ሕጎች ብዙውን ጊዜ ለፊት ገጽታው ይጨነቃሉ፤ የመግባት መብት ግን እንደ ምሰሶው ሁሉ በሽያጭ ውሉ ውስጥ በግልጽ መጻፍ አለበት።