ለወንዝ የሚቆም ማኅበር ከምን ይወለዳል?

ስለ አቃቂ ወንዝ መበከል በመካከላችን ውይይት በተነሣ ቁጥር «ማኅበር እናቋቁም» የሚለው ሐሳብ አብሮ ይነሣል። ሐሳቡን እንደግፋለን። ይሁን እንጂ እንዲህ ያለው ማኅበር ከምን እንደሚወለድና አባሎቹን ምን እንደሚያስከፍላቸው አስቀድሞ ካልተጠና፣ የሚተርፈን ማኅተምና ሊቀ መንበር ብቻ ይሆናል። ስለዚህ አንድ ተጨባጭ ምሳሌ እንመልከት፤ ይኸውም በአሜሪካ በኒው ዮርክ ግዛት የሚፈሰው የሀድሰን ወንዝ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1966 ክሮተንቪል በምትባል መንደር ዓሣ አጥማጆች፣ አናጢዎችና የፋብሪካ ሠራተኞች በአንድ የቀድሞ ወታደሮች አዳራሽ ተሰበሰቡ። ያሰባሰባቸው ስለ ተፈጥሮ ውበት የተሰጠ ትምህርት አልነበረም። ከባቡር ግቢ የሚወጣ አንድ ቧንቧ ዘይት ወደ ወንዙ ስለሚለቅ፣ ያጠመዱት ዓሣ ናፍጣ ናፍጣ እያለ ገበያ አጣ። መሥሪያ ቤቶቹ ዘንድ ቢመላለሱም ሰሚ አላገኙም። በስብሰባው ላይ ቧንቧውን እንወትፈው፣ ዘይቱን እሳት እንልቀቅበት የሚል ሁሉ ነበር። ሮበርት ቦይል የተባለ የስፖርት መጽሔት ጸሐፊ ግን በ1899 የወጣና የተረሳ ሕግ ይዞ ተነሣ። ሕጉ ቆሻሻ ወደ ወንዝ መልቀቅን ይከለክላል፤ አጥፊውን ለጠቆመም የመቀጮውን እኩሌታ ይሰጣል። የሀድሰን ዓሣ አጥማጆች ማኅበር የተመሠረተው በዚህ ነው። ከዚያ ቧንቧ የተነሣም 2,000 ዶላር የጠቋሚ ድርሻ አገኘ።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ ማኅበሩ «ወንዙን እናድን» ብሎ አለመጀመሩ ነው። የጀመረው ከአንድ ቧንቧ ነው። አጥማጆቹ ውሃው በየትኛው ሰዓት ቀለሙ እንደሚለወጥ ከማንም ባለሙያ በላይ ያውቁ ነበር፤ የጎደላቸው ሕጉን የሚያነብላቸው ብቻ ነበር። የተማረ ሰው በእንዲህ ያለ ማኅበር ውስጥ ያለው ቦታ ከዚህ ብዙም የሚዘል አይመስለንም። በ1983 ማኅበሩ ጆን ክሮኒን የተባለ የቀድሞ ዓሣ አጥማጅ ቀጥሮ ወንዙን በጀልባ እየዞረ እንዲጠብቅ አደረገ።

የታሪኩ መራራ ክፍል ግን ከዚህ በፊት የሆነው ነው። በላይኛው ሀድሰን የነበሩ ሁለት የኤሌክትሪክ ዕቃ ፋብሪካዎች ፒሲቢ የተባለውን ኬሚካል ለሠላሳ ዓመት ያህል ወደ ወንዙ ሲለቁ ኖረዋል። ይህ ነገር በዓይን አይለይም፤ በዓሣውና በበላተኛው ስብ ውስጥ ይጠራቀማል፤ ካንሰር አምጪ መሆኑም ተረጋግጧል። ምርመራው ይህን ባወጣ ጊዜ፣ በ1976፣ መንግሥት ብዙዎቹን የዓሣ ዓይነቶች ለገበያ ማጥመድን ከለከለ። ወንዙን ለማጽዳት ደለሉ መዝረፍ... መጠረግ የጀመረው ግን በ2009 ነው። ማስረጃው አስቀድሞ የመታው በዳዩን ሳይሆን ተበዳዩን ነበር።

የአቃቂም ችግር ይኸው ነው። ትንሹና ትልቁ አቃቂ የከተማውን ፍሳሽና የቆዳ ፋብሪካዎችን ክሮም ይዘው ወደ አባ ሳሙኤል ይወርዳሉ፤ በዚያው ውሃ ሰላጣ፣ ቆስጣና ጎመን ይለማል። እኛ ሰላጣውን መርምረን «ክሮም ተገኘበት» ብለን ብናውጅ፣ በማግስቱ ገዢ የሚያጣው አትክልተኛው ነው፤ የፋብሪካው ቧንቧ መፍሰሱን አያቆምም። አትክልተኛው ጠርሙስ ይዞ የመጣን ተማሪ በጥርጣሬ ቢያይ አንፈርድበትም።

ሕግስ? በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 ማንኛውም ሰው፣ ጉዳት ደረሰብኝ ማለት ሳያስፈልገው፣ ለባለሥልጣኑ አቤቱታ እንዲያቀርብ ፈቅዷል፤ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠው ወይም ካልረካ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። የጠቋሚ ድርሻ ግን የለበትም።

ስለዚህ ምርመራው ከሰላጣው ሳይሆን ከቧንቧው መጀመር አለበት እንላለን። ከፍሳሹ መውጫ በላይ አንድ ጠርሙስ፣ ከበታቹ አንድ ጠርሙስ፣ በአንድ ሰዓት ይቀዳል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የሚያመለክተው ፋብሪካውን ነው። ለተሕዋስያን የሚቀዳው በንጹሕ በተቀቀለ ጠርሙስ ሆኖ፣ በበረዶ ተይዞ በስድስት ሰዓት ውስጥ ላቦራቶሪ ይድረስ። ለክሮም የሚቀዳው ናይትሪክ አሲድ ጠብ ይደረግበት። ቦታው፣ ቀኑ፣ ሰዓቱና የቀዳው ሰው ስም በሁለት ቅጂ ይጻፍ፤ አንደኛው ቅጂ በአትክልተኞቹ እጅ ይቀመጥ፤ ውጤቱ መቼና ለማን እንደሚነገርም ጠርሙሱ ከመሞላቱ በፊት ከእነርሱ ጋር ይወሰን።