በሐዋሳ ሥጋት ስንት ያወጣል?

ሐዋሳ በ2008 ዓ.ም. ሁለት ነገር አስተናግዳለች። ጥር 15፣ እሑድ ዕለት፣ ርዕደ መሬት ናጣት። ሐምሌ ላይ ደግሞ የኢንዱስትሪ ፓርኳ በታላቅ ድምቀት ተመረቀ። ስለ ሁለተኛው ለዓመታት ተወርቷል፣ ተጽፏል፣ ባለሥልጣናት ፎቶ ተነሥተዋል። የመጀመሪያው ወሬ ግን ሳምንታት እንኳ አልቆየም። የፓርኩ ሼዶች ገና በግንባታ ላይ ሳሉ መሬቱ መንቀጥቀጡን ዛሬ የሚያስታውስ ጥቂት ነው።

የዚያን ዕለቱ ርዕደ መሬት ልኬት 4.3 ነበር። ጃፓን ውስጥ ቢሆን ቡና የሚጠጣ ሰው ሲኒውን ሳያስቀምጥ ያልፍ ነበር። ሐዋሳ ላይ ግን ግድግዳዎች ተሰነጠቁ፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከሕንፃ ለመውጣት ሲጋፉና ሲዘሉ ተጎዱ። ይህ ለኢኮኖሚ ተንታኝ ትልቅ መረጃ ነው። አነስተኛ ንቅናቄ ያን ያህል ጉዳት ካደረሰ፣ ችግሩ ያለው ከመሬቱ ይልቅ በላዩ ላይ በተሠራው ነገር ነው።

መሬቱም ቢሆን ዝም ያለ አይደለም። ከከተማዋ በስተሰሜን፣ ወደ ሻሸመኔ ሲኬድ በስተግራ፣ ኮርቤቲ የሚባል የእሳተ ገሞራ ካልዴራ፣ ማለትም ከፍንዳታ በኋላ የተደረመሰ ሰፊ ጎድጓዳ ቦታ፣ አለ። ኡርጂና ጨቢ የሚባሉት ከፍታዎች በውስጡ የበቀሉ እሳተ ገሞራዎች ናቸው። የሳተላይት ልኬቶች እንዳሳዩት ከ2001 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ የካልዴራው መሬት በዓመት እስከ 6.6 ሳንቲ ሜትር በሚደርስ ፍጥነት ሽቅብ ሲነሣ ቆይቷል። ሐዋሳ ራሷም የተቆረቆረችው በሌላ፣ በዕድሜ በገፋ ካልዴራ ውስጥ ነው፤ በከተማዋ ያለው የታቦር ተራራም የእሳተ ገሞራ ልጅ ነው። መሬት ሽቅብ ተነሣ ማለት ነገ ይፈነዳል ማለት አይደለም። ለአሥርት ዓመታት አብጠው ሳይፈነዱ የተኙ ብዙ ናቸው። የፍንዳታውን ነገር ለሥነ ምድር ባለሙያዎች ልተወው። እኔን የሚከነክነኝ ይህ ሥጋት በሐዋሳ ገበያ ውስጥ የትኛው ዋጋ ላይ እንደሚታይ ነው። በሊዝ ጨረታ? በቤት ኪራይ? በባንክ ወለድ? በኢንሹራንስ አረቦን? በአንዱም ላይ አላየሁትም።

ዋጋ ያልወጣለት ሥጋት ግን ነፃ ነው ማለት አይደለም። ሒሳቡ የሚወራረደው በመጨረሻ ቀን፣ መክፈል በማይችለው ሰው ትከሻ ላይ ነው። ለዚህ ማስረጃ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ የአፋር ወረዳዎቹ አዋሽ ፈንታሌና ዱለቻ ለወራት ሲናጡ ከረሙ። ታኅሣሥ 25 ከዶፈን ተራራ አካባቢ እንፋሎትና ጭቃ ተትጎለጎለ፤ ሕዝቡም እሳተ ገሞራ ሊፈነዳ ነው ብሎ ተሸበረ። በማግሥቱ ንጋት ላይ ልኬቱ ከ5.5 የሚበልጥ ርዕደ መሬት መጣ፤ የካቲት 7 ሌሊት ደግሞ ወደ 6 የደረሰ። መንግሥት ወደ 80,000 ሰው ከሥጋት ቀጠናው ለማውጣት ተነሣ። በመጨረሻ ቅልጥ አለት ከመሬት በላይ አልወጣም፤ ፍንዳታም አልሆነም። ወጪው ግን ሙሉ በሙሉ ወጣ። ቤት ፈረሰ፣ አስፋልት ተሰነጠቀ፣ የስኳር ፋብሪካ ሠራተኛ ከነቤተሰቡ ከመኖሪያው ወጣ። አርብቶ አደሩን በአውቶቡስ ማጓጓዝ ይቻላል፤ ግመሎቹንና ፍየሎቹን ግን አይቻልም፤ ሀብቱ ደግሞ እነርሱ ናቸው። ግማሽ ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ ያህል ውኃ የሚይዘው የከሰም ግድብ ቢነካስ የሚለው ጭንቀት፣ የጅቡቲ መንገድና የባቡር ሐዲዱም በዚያው አካባቢ ማለፋቸው፣ ነገሩን የመላ አገሪቱ ጉዳይ አደረገው።

አንድ ተጨማሪ ምሳሌ፣ በአጭሩ። ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. በአፋር ሀይሊ ጉቢ የተባለው እሳተ ገሞራ ፈነዳ። አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ እስከ ሕንድ ደረሰ፤ የሕንድ አየር መንገዶችም በረራ ሰረዙ። የተሰረዘው በረራ በኩባንያው መዝገብ ላይ በሩፒ ተመዝግቦ ተቀምጧል። በአፍዴራ በኩል አመድ የለበሰው የግጦሽ መሬት ግን በየትኛውም መዝገብ ላይ የለም።

ወደ ሐዋሳ እንመለስና በዋና ጎዳናዎቿ ዳር ወደተደረደሩት አራትና አምስት ፎቅ ሕንፃዎች ጠጋ እንበል። ከላይ ያሉት ፎቆች በብሎኬት ግድግዳ የተከፋፈሉ ናቸው፤ ምድር ቤቱ ግን ክፍት ነው። ለምን ቢባል ከሕንፃው ሁሉ ውዱ ኪራይ የሚሰበሰበው ከምድር ቤቱ ሱቆች ስለሆነ ነው። ባለሱቁ ሰፊ መስተዋት ይፈልጋል፤ ባለሕንፃው ግድግዳውን አንሥቶ በቀጫጭን ኮለኖች ይተካዋል። በርዕደ መሬት ጊዜ ከላይ ያለው ክብደት ሁሉ ወደ ጎን ሲወዛወዝ የሚያርፈው በእነዚያ ኮለኖች ላይ ነው። በሌላ አነጋገር ሕንፃው ከፍተኛውን ገቢ የሚያገኝበት ወለል ለመውደቅ የቀረበው ወለል ነው። ይህን ያደረገው የመሐንዲስ ድንቁርና አይደለም፤ ገበያው ነው።

ከኮለኑ ውስጥ ደግሞ የባሰ አለ። ቋሚ ፌሮዎቹን ዙሪያውን አቅፎ የሚይዘው ቀጭኑ ብረት፣ ፌራዮዎች ስታፋ የሚሉት፣ በኮለኑ ላይና ታች ጫፍ ጠበቅ ጠበቅ ብሎ መታሰር አለበት። ጫፉም ወደ ውስጥ፣ ወደ አርማታው እምብርት፣ ታጥፎ መግባት ይኖርበታል። ብረት ሲወደድ መጀመሪያ የሚቀነሰው ይኸው ስታፋ ነው፤ በየ10 ሳንቲ ሜትሩ መታሰር የነበረበት በየ20 ወይም በየ25 ይታሰራል፤ ጫፉም በ90 ዲግሪ ብቻ ታጥፎ ይቀራል። አርማታ ከተሞላበት በኋላ ማን ያየዋል? ሕንፃው በየቀኑ ቆሞ ይውላል፤ ኪራዩም በየወሩ ይገባል። የግንባታ ደንባችን የርዕደ መሬት ምዕራፍ ከያዘ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ስምጥ ሸለቆ ላይ ላለ ከተማም ጠበቅ ያለ መስፈርት ያዛል። ደንቡ ወረቀት ላይ ደህና ነው። አርማታ በሚሞላበት ቀን ግን ቦታው ላይ ተቆጣጣሪ መቆም አለበት፤ እሱ ደግሞ ደመወዝ ይጠይቃል።

እዚህ ላይ ነው ባንኮችን የማነሣው። ሐዋሳ ውስጥ አንድ ነጋዴ ለብድር ሕንፃውን ሲያስይዝ ባንኩ መሐንዲስ ልኮ ያስገምታል። ገማቹ ካሬውን ይለካል፣ ፎቁን ይቆጥራል፣ ሴራሚኩንና አልሙኒየሙን ያያል፣ አካባቢውን ይመዝናል። ስለ ኮለኑ ብረትስ? ስለ ምድር ቤቱ ክፍትነትስ? ብዙውን ጊዜ አይጠየቅም። ለባንክ ደግሞ ይህ ከቸልተኝነት ያለፈ የሒሳብ ስሕተት ነው። አንድ ተበዳሪ ቤቱ ቢቃጠልበት ሌሎቹ ሺዎች የየራሳቸውን ዕዳ ይከፍላሉ። ርዕደ መሬት ግን በአንድ ሌሊት መያዣውን ሁሉ በአንድነት ይነካል፤ ተበዳሪው የሚሠራበትን ሱቅም፣ ኪራይ የሚከፍለውን ተከራይም፣ ደመወዝ የሚከፍለውን ፋብሪካም እንዲሁ። በብዙ ተበዳሪዎች ላይ የተበተነ የሚመስለው ብድር በአንድ ስንጥቅ ላይ የተቀመጠ ሆኖ ይገኛል።

«ኢንሹራንስ አለው» የሚል መልስ ይመጣ ይሆናል። ባንኮች ለመያዣው የእሳት አደጋ መድን ያስገባሉ፤ እውነት ነው። መደበኛው የእሳት መድን ግን እሳትና መብረቅን ነው የሚሸፍነው። ርዕደ መሬትና እሳተ ገሞራ ተጨማሪ አረቦን ተከፍሎባቸው ካልተጨመሩ ከውሉ ውጪ ናቸው። ውሉን እስከ መጨረሻው ገጽ ያነበበ ስንት ደንበኛ አለ? የኢትዮጵያ መድን ገበያ በጠቅላላው ከአገር ውስጥ ምርት አንድ በመቶ እንኳ አይሞላም፤ እሱም በአመዛኙ የተሽከርካሪ ነው። ለመኪናችን ጭረት ዋስትና አለን፤ ለምንተኛበት ቤት የለንም።

ሽፋኑን የጨመረ ባለቤትም ቢሆን ሌላ ወጥመድ ይጠብቀዋል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ፣ በ57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል፤ ፌሮም፣ አልሙኒየምም፣ ሊፍትም ተከትለውት ወጥተዋል። የመድን ውሉ ግን በአሮጌው ግምት ይታደሳል፤ አረቦኑ እንዳይጨምር ስለሚፈለግ። እንበልና 6 ሚሊዮን ብር የሚያወጣ ሕንፃ በ3 ሚሊዮን ተመድኗል። የአንድ ሚሊዮን ብር ጉዳት ቢደርስ ኩባንያው የሚከፍለው 500,000 ብቻ ነው፤ ምክንያቱም ባለቤቱ የግማሹን ሥጋት ራሱ ይዞታል ተብሎ ስለሚቆጠር። በጉዳቱ ማግሥት ይህን አንቀጽ የሚያነብ ሰው «ተጭበረበርኩ» ማለቱ አይቀርም፤ የተጎዳው ግን የሕንፃውን ግምት በጊዜ ባለማሻሻሉ ነው። ከመድን ድርጅቶቹ በኩልም ችግር አለ። እንዲህ ያለውን ከባድ ሥጋት ለብቻቸው አይሸከሙትም፤ በአመዛኙ ወደ ውጭ ጠለፋ መድን ሰጪዎች ያስተላልፉታል፤ ያ ደግሞ በውጭ ምንዛሪ ነው የሚከፈለው።

የሚገርመው፣ በዚሁ መሬት ላይ ሥጋት በትክክል ተሰልቶ ዋጋ የወጣለት አንድ ሥራ አለ። ኮርቤቲ ውስጥ ያለው ሙቀት ለሐዋሳ ሥጋት፣ ለእንፋሎት ኃይል ባለሀብት ደግሞ ሀብት ነው። ሬይክያቪክ ጂኦተርማል የተባለው ኩባንያ ከመንግሥት ጋር ለዓመታት ተነጋግሯል፤ የኃይል ሽያጭ ውሉ ደግሞ በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. ተፈረመ። እስካሁን ከዚያ የመነጨ ኤሌክትሪክ ቤታችን አልገባም፤ ጉዳዩን ግን ለሌላ ሳምንት አቆየዋለሁ። ዛሬ የምፈልገው ዘዴውን ነው። የጉድጓድ ቁፋሮ በሚሊዮኖች ዶላር ተከፍሎበት ባዶ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ በአፍሪካ ኅብረት ሥር በምሥራቅ አፍሪካ የቁፋሮውን ወጪ በከፊል የሚጋራ ፈንድ ተቋቁሟል። ሥጋቱ ተለክቷል፣ ተከፋፍሏል፣ ከፋይ ተገኝቶለታል። ኮርቤቲን ቆፍሮ ገንዘቡን ሊያጣ ለሚችል ኩባንያ ፈንድ ካለ፣ በኮርቤቲ አጠገብ ተኝታ ቤቷን ልታጣ ለምትችል የሐዋሳ ነዋሪ ምን አለ? ዳቶ አካባቢ አንዲት ጠባብ ክፍል ለሦስት ተከራይተው ለሚያድሩት የፓርኩ ወጣት ሴቶችስ? እነርሱ ድንጋጤ ምን እንደሆነ ያውቃሉ። ኅዳር 2014 አሜሪካዊው የልብስ ኩባንያ ፒቪኤች ከፓርኩ መውጣቱን ሲያሳውቅ፣ ከዚያም ታኅሣሥ 23 ኢትዮጵያ አጎዋ ከሚባለው የአሜሪካ የቀረጥ ነፃ ገበያ ዕድል ስትሰረዝ፣ ከፋብሪካው በር እስከ ኪራይ ቤቱ፣ ከኪራይ ቤቱ እስከ ጉሊቱ ኪሳራው ሲወርድ አይተዋል። ያ አንዲት ጡብ ሳትወድቅ ነው።

ለምን ታዲያ ከተማዋ ስለዚህ ጉዳይ ጮክ ብላ አታወራም? ከካሊፎርኒያ አንድ ታሪክ ልጥቀስ። ማሞዝ ሌክስ እንደ ሐዋሳ በካልዴራ ጎን የተቀመጠች የመዝናኛ ከተማ ናት። በ1980 እ.ኤ.አ. ልኬታቸው 6 ገደማ የሆኑ በርካታ ርዕደ መሬቶች መቷት፤ መሬቷም አበጠ። በ1982 የአሜሪካ የሥነ ምድር ጥናት ተቋም የእሳተ ገሞራ ሥጋት ማስታወቂያ አወጣ። እሳተ ገሞራው አልፈነዳም፤ የፈነዳው የቤት ገበያው ነው። የቤት ዋጋ ወደቀ፣ ጎብኚ ቀነሰ፣ ነጋዴዎች በሳይንቲስቶቹ ላይ ተነሡ። ከተማዋ አንድ መውጫ መንገድ ብቻ ስለነበራት ሁለተኛ ተሠራላት። ሥራው ለማምለጫ ነበር፤ ስሙ ግን እንግዳ ያስደነግጣል ተብሎ ተቀየረና «የመልክዓ ምድር መጎብኛ መንገድ» ተባለ። ስቄበታለሁ፤ ነገር ግን ነጋዴዎቹን አልፈርድባቸውም። ማስጠንቀቂያ የሚያመጣው ኪሳራ ዛሬ በእነርሱ ላይ ይወድቃል፤ የሚያድነው ሕይወት የማን እንደሆነ ግን አይታወቅም። የሐዋሳው አሞራ ገደል ዓሣ ነጋዴም፣ የሐይቅ ዳር ሆቴል ባለቤትም በዚህ ሚዛን ላይ ቢቀመጡ ዝምታን ይመርጣሉ።

ይሁንና ማሞዝ ሌክስ፣ ስሙን ብትቀይረውም፣ መንገዱን ሠርታለች። ሐዋሳ ከአዲስ አበባ አቅጣጫ የምታገኘው ነዳጅ፣ ሲሚንቶና የጉባኤ እንግዳ በሻሸመኔና በጥቁር ውኃ በኩል ነው የሚገባው። ያ መስመር ደግሞ በኮርቤቲ ጎን ያልፋል። ለአሥር ቀን ቢዘጋ በማደያዎቿ ስንት ሊትር ነዳጅ ይቀራል? ሆስፒታሎቿ ለስንት ቀን የሚሆን ኦክስጅን ይይዛሉ? በይርጋለምና በዲላ በኩል ወደ ደቡብ ፊቷን ስታዞር በቀን ስንት የጭነት መኪና ማስተናገድ ይቻላል? ይህን ለማስላት የሳተላይት መረጃም፣ የውጭ አማካሪም አያስፈልግም። የከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤትና የትራንስፖርት ማኅበራቱ አንድ ሳምንት ቢቀመጡ ይጨርሱታል።