የሕዋሳት መልእክትና የዓይን ጥራት፦ በቫይረስ ብግነት ጊዜ ኮርኒያን የሚያደፈርሰው ምንድን ነው?



ስለ ዓይን ለመናገር ከቦሎቄ ብጀምር ቅር እንደማትሰኙ ተስፋ አደርጋለሁ፤ ያለነው መልካሳ ነውና። ዋግን የሚቋቋም የቦሎቄ ቅጠል ምን እንደሚያደርግ እዚህ ያለ ሰው ያውቃል። ፈንገሱ ባረፈበት ስፍራ ያሉ ጥቂት ሕዋሳቱን ራሱ ይገድላል፤ ትንሽ የደረቀ ነጥብ ይቀራል፤ ተክሉ ግን ይተርፋል። ቅጠል እንዲህ ያለውን ዋጋ መክፈል ይችላል። ኮርኒያ፣ ማለትም ከዓይን ብሌን ፊት ያለው ብርሃን አሳላፊ ሽፋን፣ አይችልም። አንዲት ነጥብ በመካከሉ ከጠቆረች ወይም ከነጣች እይታ ይጋረዳል።

ኮርኒያ ውፍረቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ጥራቱን ያገኘው ከሁለት ነገሮች ነው፤ የኮላጅን ክሮቹ እኩል ተራርቀው የተደረደሩ ናቸው፣ የደም ሥርም የለውም። የደም ሥር እንዳይበቅልበት ደግሞ የደም ሥር አብቃይ የሆነውን ቪ.ኢ.ጂ.ኤፍ. የተባለ መልእክተኛ የሚያጠምድ ሞለኪውል ራሱ ያመርታል።

አሁን ቫይረሱ ይምጣ። በከንፈር ላይ ሲወጣ «ምች» የምንለውን ቁስል የሚያስከትለው ሄርፐስ ሲምፕሌክስ፣ ከመጀመሪያው ልክፈት በኋላ በፊት ነርቭ ጉብታ ውስጥ ተደብቆ ይኖራል፤ አንዳንድ ጊዜም ነርቩን ተከትሎ ወደ ዓይን ይመጣል። የተጠቃው ሕዋስ የቫይረሱን ዘረ-መል ባዕድነት ሲለይ ኢንተርፌሮን ይለቃል። ይህን ሞለኪውል አይዛክስና ሊንደንማን እ.ኤ.አ. በ1957 ለዓለም አስተዋወቁ። ኢንተርፌሮን ቫይረሱን በቀጥታ አይገድልም፤ ጎረቤት ሕዋሳትን «ተዘጋጁ» ይላቸዋል፣ እነርሱም ቫይረሱ የሚባዛበትን መንገድ ይዘጋሉ።

ሁለተኛው መልእክት ረዳት ይጠራል። ኢንተርሉኪን 1፣ ኢንተርሉኪን 6ና ቲ.ኤን.ኤፍ. ብግነቱን ያቀጣጥላሉ። ኢንተርሉኪን 8 ኒውትሮፊል የተባሉትን ነጭ የደም ሕዋሳት ይስባል፤ ሲ.ኤክስ.ሲ.ኤል. 9 እና 10 ደግሞ ቲ ሕዋሳትን። የደረሱት ቲ ሕዋሳት ጋማ ኢንተርፌሮንና ኢንተርሉኪን 17 ጨምረው ጥሪውን ያጠነክራሉ። ኒውትሮፊሎች የሚረጩት ኤንዛይም የኮላጅኑን ድርድር ይቆርጣል፤ ቪ.ኢ.ጂ.ኤፍ. ከወጥመዱ አቅም በላይ ሲመረት የደም ሥር ይገባል። ኢንተርሉኪን 10ን የመሰሉ አረጋጊዎች በጊዜ ካልደረሱ የሚቀረው ነጭ ጠባሳ ነው። ይህ ጠባሳ ከዓይን ሞራ የተለየ ነው፤ ሞራ የሚያርፈው በውስጠኛው ሌንስ ላይ ነውና።

ጠባሳውን የሚሠራው ቫይረሱ ብቻ እንዳልሆነ በምን እናውቃለን? ቲ ሕዋስ በሌላቸው አይጦች ላይ ቫይረሱ ቢሰጥም ጥልቁ የኮርኒያ ብግነት አልታየም፤ ቲ ሕዋሳት ከሌላ አይጥ ሲሰጧቸው ግን ታየ። ጥፋቱ በአብዛኛው ከራስ መከላከያ እንደሚመጣ ይህ ያሳያል።

በአገራችን «አልማዝ ባለ ጭራ» የምንለው በሽታም ተመሳሳይ ትምህርት ይሰጣል። ግንባርንና የአፍንጫን ጫፍ ከያዘ ዓይንን የመንካት ዕድሉ ከፍ ያለ ነው፤ በወጣት ሰው ላይ ሲታይም የኤች.አይ.ቪ. ምርመራ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2005 በኢትዮጵያ ነፃ የፀረ ኤች.አይ.ቪ. ሕክምና መሰጠት ከጀመረ ወዲህ የብዙዎች መከላከያ አገግሟል። ሆኖም መከላከያው ሲመለስ መልእክተኞቹም አብረው ይመለሳሉና፣ በሕክምናው የመጀመሪያ ወራት ዓይን ውስጥ ብግነት ሊነሣ ይችላል። መድኃኒቱን የሚያስቆም ምክንያት አይደለም፤ ዓይንን የሚያስመረምር ምክንያት ግን ነው።

ጉዳዩ ከቤተ ሙከራ የሚወጣው እዚህ ላይ ነው። በስምጥ ሸለቆ ፀሐይና ነፋስ ዓይኑ የቀላ ሰው «አቧራ ነው» ብሎ ከመድኃኒት ቤት ጠብታ ይገዛል። ጠብታው ስቴሮይድ ከሆነ ሁሉንም መልእክተኞች በአንድ ጊዜ ዝም ያሰኛል፤ ቅላቱ ይጠፋል፣ ሕመሙ ይቀንሳል፣ ሰውየውም ተፈወስኩ ይላል። ቫይረሱ ገና በላይኛው ሽፋን ላይ እየተባዛ ከሆነ ግን ጠባቂው ተኝቷልና ቁስሉ ይሰፋል። ይኸው ስቴሮይድ በጥልቁ ብግነት ጊዜ ከፀረ ቫይረስ ጋር በሐኪም ክትትል ሲሰጥ ዓይን ያድናል፤ እ.ኤ.አ. በ1994 ውጤቱ የታተመው የአሜሪካ የሄርፐስ ዓይን በሽታ ጥናት ይህን አረጋግጧል። የዚያው ጥናት የ1998 ክፍል ለ12 ወራት የተወሰደ አሳይክሎቪር የበሽታውን ማገርሸት ከ32 በመቶ ወደ 19 በመቶ እንደቀነሰ አሳየ።

ስለዚህ ጥያቄው «ስቴሮይድ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ?» አይደለም፤ «አሁን የሚጎዳው ቫይረሱ ነው ወይስ መልእክቱ?» ነው። መልሱን የሚሰጠው ምርመራ ቀላል ነው፤ የፍሎረሲን ቀለምና ሰማያዊ ብርሃን ቅርንጫፍ የመሰለውን የሄርፐስ ቁስል ያሳያሉ። አንድ ዓይን ብቻ ቀልቶ ብርሃን ካስፈራው፣ ካመመው፣ እይታው ከደበዘዘ ወይም ሕመሙ ከተመላለሰ፣ ከጠብታው በፊት ይህ ምርመራ ይቅደም።

ቦሎቄው ነጥቡን ይዞ ያፈራል። እኛ ግን የምናየው በዚያች ግማሽ ሚሊ ሜትር በኩል ነው።