የመኪና ሞተር በሁለት ጎማ ላይ፤ ገንዘቡ የሚያልቀው የት ነው?

አዲስ አበባ ውስጥ «ቮልስ» እያልን የምንጠራት የትንሿ መኪና ሞተር ብራዚል ውስጥ በሁለት ጎማ ላይ ተጭኖ ለገበያ ቀርቦ ነበር ቢባል ቀልድ የሚመስለው ይኖራል። ነገሩ ግን ንግድ ነበር። የብራዚል መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1976 ከውጭ በሚገቡ ሞተር ብስክሌቶች ላይ በሩን ሲዘጋ፣ ትልልቁን የለመደ ደንበኛ ገንዘቡን እንደያዘ ቀረ። ፈላጊ አለ፤ ዕቃ የለም። ክፍተቱን ለመሙላት ከ1978 ጀምሮ «አማዞናስ» የተባለው ሞተር ብስክሌት ባለ 1600 ሲሲ የቮልስ ሞተር ተገጥሞለት መሸጥ ጀመረ። ካምቢዮውም የቮልስ ስለነበር ወደ ኋላ የሚሄድበት ማርሽ ነበረው። ወደ 400 ኪሎ ለሚጠጋ ሞተር ብስክሌት ይህ ቅንጦት አይደለም፤ ማቆሚያ ቦታ ላይ ገፍቶ የሚያወጣው ጎረምሳ ከየት ይመጣል?

ቮልስ የተመረጠበት ምክንያት የነጋዴ ምክንያት ነው። ሞተሩ እዚያው አገር ውስጥ ይሠራል፤ መለዋወጫው በየሱቁ ሞልቷል፤ የማያውቀው መካኒክ የለም። በአየር ስለሚቀዘቅዝም የራዲያተርና የውኃ ቱቦ ጣጣ የለበትም። ፈጣን ነው ወይም ቀላል ነው የሚል አልነበረም። ምርቱ በ1980ዎቹ መጨረሻ ቆመ። በ1990 የፕሬዚዳንት ኮሎር መንግሥት በሩን መልሶ ሲከፍት ደግሞ ይህን ሸቀጥ የወለደው ችግር ራሱ ጠፋ።

በዚህ ገበያ ገንዘብ ማውጣት የሚያስብ ሰው መጀመሪያ ሊጠይቅ የሚገባው የሞተሩን ዋጋ አይደለም። የሞተሩ ዋጋ ይታወቃል። ገንዘቡ የሚያልቀው ማገናኛው ላይ ነው። በአብዛኞቹ ዘመናዊ ሞተር ብስክሌቶች ሞተሩ፣ ፍሪሲዮኑና ካምቢዮው በአንድ አካል ውስጥ ተሠርተው ይመጣሉ። የመኪና ሞተር ግን ብቻውን ነው የሚመጣው። ሠሪው ጉልበቱን የሚችል ፍሪሲዮን መፈለግ፣ ካምቢዮ ማበጀት፣ በቁመት የተኛውን ሞተር ዙር ወደ ጎን አዙሮ ለኋላ ጎማ ማድረስ፣ ሻንሲውን ማስረዘምና ፍሬኑን ማሳደግ አለበት። ይህ ሁሉ በሰዓት የሚከፈል የጋራዥ ሥራ ነው። አንድ ብቻ የሠራ ሰው ያንን ሰዓት ሲሸጥ አያገኘውም፤ ገዢው የሚያየው የተጠናቀቀውን ዕቃ እንጂ የባከነውን ሌሊት አይደለም።

ሂሳቡን ያስተካከለው የሚመስለው የአሜሪካው «ቦስ ሆስ» ነው። ሞንቴ ዋርን በ1990 ቴነሲ ግዛት፣ ዳየርስበርግ ከተማ ያቋቋሙት ይህ ድርጅት የሼቭሮሌን ባለ 8 ሲሊንደር ሞተር ይገጥማል። ሞተሩ አዲስ ሆኖ በሣጥን ይገዛል፤ የድርጅቱ የራሱ ሥራ የቀረው ነው። መጀመሪያ ላይ የተሸጡት 5.7 ሊትር ሞተር ነበራቸው፤ ጉልበቱ ከበቂ በላይ ስለነበር ማርሽ የሚቀያይር ካምቢዮ እንኳ አልተበጀላቸውም፤ በአንድ ማርሽ ብቻ ነበር የሚሄዱት። በኋላ ባለ ሁለት ማርሽና ወደ ኋላ የሚሄድ ካምቢዮ መጣ፤ 6.2 ሊትርና 445 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተርም ተገጠመ። ቆሞ ነዳጅ ሲሰጡት የሞተሩ ዙር መላ አካሉን ወደ ጎን ይስበዋል፤ ክብደቱም ከ500 ኪሎ ያልፋል። እንግዲህ ለጀማሪ የሚሆን አይደለም። ለመለዋወጫ ግን ባለቤቱ የትኛውም የሼቭሮሌ ጋራዥ ይበቃዋል፤ ማገናኛውንም አንድ ጊዜ ነድፎ ደጋግሞ የሠራው ድርጅቱ ስለሆነ ወጪው በብዙ ገዢ ላይ ተከፋፍሏል።

የዚህ ተቃራኒም አለ። ክራይስለር በ2003 ባለ 10 ሲሊንደር የቫይፐር ሞተር የተሸከመውን «ቶማሃውክ» ሲያሳይ በኒማን ማርከስ መደብር በኩል እስከ 10 የሚደርሱ በ555 ሺህ ዶላር ለሽያጭ ቀረቡ። በሕዝብ መንገድ ላይ ለመንዳት ግን ፈቃድ አልነበራቸውም። ይህ የሥዕል ገበያ እንጂ የተሽከርካሪ ገበያ አይባልም።

ሕንድ ውስጥ ሰዎች ናፍጣ የሚጠጣ ሮያል ኤንፊልድ የገዙት ለጉራ ሳይሆን ለነዳጅ ቁጠባ ነው። «ቶረስ» የተባለው ባለ 325 ሲሲና 6.5 የፈረስ ጉልበት ነበር፤ አዝጋሚና የሚያንቀጠቅጥ፣ ግን ቆጣቢ። የጭስ ደንብ ሲጠብቅ ከገበያ ወጣ።

ሌላው ስጋት የሞተር አቅራቢው ነው። ጀርመናዊው ፍሪድል ሙንሽ ከ1966 ጀምሮ የኤንኤስዩ መኪናን ሞተር እየገጠሙ ሲሠሩ ስማቸው ገነነ፤ ድርጅታቸው ግን ዕዳ አላጣውም፤ ባለቤቶቹም ተለዋወጡ። ኤንኤስዩ በ1969 ከአውዲ ጋር ተዋሐደ፤ የዚያ ሞተር ባለቤት የሆነው መኪናም በ1970ዎቹ መጀመሪያ ምርቱ ተቋረጠ። በሙንሽ ስም የተሠሩት በጠቅላላው 500 ገደማ ናቸው። ዛሬ ሰብሳቢዎች በውድ ዋጋ ይፈልጓቸዋል፤ ትርፉን የሚያገኘው ግን አስቀምጦ የቆየው ነው፤ የሠራው አይደለም።