ፈረሱ አንድ፣ ልማዱ ብዙ

ልደታ አካባቢ የሚኖሩ ከሆነ፣ ልጅዎ ስለ ውርርድ ማየቱና መስማቱ አይቀርም። የሚያየውን የሚመዝነው ግን በቤቱና በአካባቢው በለመደው ዓይን ነው። ለምሳሌ የፈረስ እሽቅድምድምን እንውሰድ።

በአውስትራሊያ የሜልቦርን ካፕ ዕለት በከተማዋ በዓል ነው፤ በሌላ ጊዜ የማይወራረድ ሰው እንኳ ከባልደረቦቹ ጋር የፈረስ ስም ዕጣ ያወጣል። የሆንግ ኮንግ ጆኪ ክለብ ከገቢው ለበጎ አድራጎት ስለሚሰጥ፣ ውርርዱ የደግነት መልክ አለው። እስልምና ቁማርን ስለሚከለክል፣ በዱባይ ወርልድ ካፕ ተመልካቹ ገንዘብ ሳያሲዝ ገምቶ ይሸለማል። በእኛዋ እንጅባራ፣ ጥር 23 ቀን በሚከበረው የአገው ፈረሰኞች በዓል፣ ፈረሰኛው የሚጋልበው ለክብርና ለአድዋ መታሰቢያ ነው።

የውርርዱ ሒሳብ ግን በመሠረቱ ተመሳሳይ ነው፤ አወራራጁ ድርሻውን ከተሰበሰበው ገንዘብ አስቀድሞ ያነሳል ወይም በክፍያ ተመኑ ውስጥ ያስገባዋል፣ ለአሸናፊዎች የሚደርሰው በአብዛኛው የተረፈው ነው። ስለዚህ ተወራራጆች በድምሩ ከሳሪ ናቸው።

በማርኬቲንግ ሥራዬ የማውቀው አንድ ነገር አለ፦ ማስታወቂያ ያሸነፈውን እንጂ የተበላውን አያሳይም። ዛሬ ራት ላይ ይህን ሒሳብ ለልጅዎ ያስረዱት። ጥር ሲደርስ ከተመቸዎት እንጅባራ ይውሰዱት፤ ፈረስ ያለ ብርም እንደሚያስደስት በዓይኑ ይይ።